ደካማው ነጋዴ ከብርቱው ጎን እንዴት ይቆማል?
(በናይሮቢ የሁርሊንግሃም ሠፈር ምሳሌነት)

ስለ ንግድ በክፍል ውስጥ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ስለ መግዛትና መሸጥ፣ ስለ ገቢና ወጪ፣ ስለ ትርፍና ኪሣራ ነው። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ መሆናቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን አንድ ሰው ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ሲከፍት መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ቀና ብሎ ሲመለከት ከእርሱ በፊት የተቋቋመ፣ በገንዘብ የደረጀ፣ ስሙ የታወቀ፣ ዕቃ በብዛት ስለሚገዛም በርካሽ የሚያገኝ ሌላ ነጋዴ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያገኛል። ታዲያ ደንበኛው ያንን ትቶ ወደ እርሱ የሚመጣበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ሳይመልስ በሩን የከፈተ ሰው የሚቆየው ያጠራቀመው ገንዘብ በቤት ኪራይ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነው። ገንዘቡም ብዙ ጊዜ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የእኅት ዕቁብ፣ የወንድም ብድር፣ የእናት ወርቅ አለበት።

አል ሪስና ጃክ ትራውት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የማስታወቂያ ባለሙያዎች በ1981 በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ መጽሐፍ ካሳተሙ ወዲህ ነገሩ በንግድ ትምህርት ውስጥ ራሱን የቻለ ርእስ ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአማርኛ «የገበያ አቋቋም» ብንለው ያስኬዳል፤ አቋቋም የሚለው ቃል በቤተ ክህነት ሊቃውንት ዘንድ ሌላ የከበረ ትርጉም ያለው መሆኑን ሳንዘነጋ ማለት ነው። የገበያ አቋቋም ማለት አንድ ድርጅት በገዢው አእምሮ ውስጥ የያዘው ስፍራ ነው። ሰዎች ተሰብስበው «ወዴት እንሂድ?» ሲባባሉ የዚያ ቤት ስም የሚነሣው ስለ ምን ጉዳይ ነው? ለፍጥነቱ ነው? ለርካሽነቱ ነው? ለጸጥታው ነው? ወይስ ጨርሶ አይነሣም? የሠሌዳው ቀለምና የማስታወቂያው ድምፅ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ነገሮች ናቸው።

ጉዳዩን በሐሳብ ብቻ ከማብራራት በአንድ ሠፈር ላይ ብናየው የበለጠ ግልጽ ይሆናል። የመረጥነው ሠፈር ከአገራችን ውጭ ቢሆንም ብዙ ወገኖቻችን ዕድላቸውን የሞከሩበት ነው።

ሁርሊንግሃም

ሁርሊንግሃም ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ከኪሊማኒ ጋር ተያይዞ የሚገኝ ሠፈር ነው። ስሙ በቅኝ ግዛት ዘመን ከለንደን የተወሰደ ነው። ዋናው ጎዳናም ቀድሞ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ዛሬ ግን የአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ይባላል። አርግዊንግስ ኮድሄክ በሙያቸው ጠበቃ ነበሩ፤ በማው ማው ዘመን ለተከሰሱ አፍሪካውያን ቆመው የተከራከሩ፣ ከነፃነት በኋላም የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። በጥር 1969 በዚሁ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሕይወታቸው ስላለፈ መንገዱ በስማቸው ተሰየመ።

በዚህ ጎዳናና በአካባቢው ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ መሥሪያ ቤቶች፣ ያያ ሴንተር የተባለው የገበያ ሕንፃ፣ ልዩ ልዩ ሱቆችና መኖሪያ ፎቆች ይገኛሉ። የወር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ቤተሰብ፣ የውጭ አገር ድርጅት ባልደረባ፣ የህንድ ተወላጅ ነጋዴ ሁሉ ያልፍበታል። ይህ ማለት ገበያ አለ ማለት ነው። ገበያ ባለበት ደግሞ ኪራይ ውድ ነው፤ ብርቱ ተወዳዳሪም አይጠፋም። ለምሳሌ ያህል ጃቫ ሃውስ የተባለው የቡና ቤት ድርጅት በ1999 የመጀመሪያ ቤቱን የከፈተው ከዚህ ብዙም በማይርቀው በአዳምስ አርኬድ ነው። ኬንያ ምርጥ ቡና እያበቀለች አብዛኛውን ወደ ውጭ ስትልክ፣ ሕዝቧም ሻይ ጠጪ ሆኖ ሲኖር፣ ይህ ድርጅት ጥሩ ቡና እዚያው በአገሩ ተቀምጦ የሚጠጣበትን ቤት አዘጋጀ። በአንድ ቤት የጀመረው ንግድም ቅርንጫፎቹን አበዛ፤ ከኬንያም አልፎ ወደ ኡጋንዳና ወደ ሩዋንዳ ገባ። በ2011 ደግሞ የአሜሪካው ኬኤፍሲ በንጎንግ መንገድ በሚገኘው ጃንክሽን የገበያ ሕንፃ ውስጥ የተጠበሰ ዶሮ መሸጥ ጀመረ።

ኢትዮጵያውያን ወደ ናይሮቢ በብዛት መሄድ የጀመሩት ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ሲሆን፣ በ1991 የመንግሥት ለውጥ ጊዜም ሌሎች ተከትለዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በኢስትሌ ሠፈር ሲኖሩ፣ በሁርሊንግሃምና በኪሊማኒ የሠፈሩም ነበሩ። ስደተኛ ሰው ሥራ ሲያጣ መጀመሪያ የሚያስበው በእጁ ያለውን ሙያ ነው። በዚህ ምክንያት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በናይሮቢ ተከፈቱ። በአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ላይ «ብሉ ናይል» እና «ሐበሻ» የሚባሉት ሁለቱ ለጎብኚዎች በተዘጋጁ የጉዞ መጻሕፍት ሳይቀር ተጠቅሰዋል። ከዚህ በታች የምናነሣው ስለ እነዚህ ቤቶች የግል ሒሳብ ሳይሆን፣ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ምግብ ቤት የሚከፍት ማንኛውም ሰው ስለሚገጥመው ጥያቄ ነው።

ዋጋ ልቀንስ?

ደካማው ነጋዴ ብርቱውን ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ዋጋ መቀነስ ነው። «እርሱ በ600 ሺልንግ ቢሸጥ እኔ በ480 ብሸጥ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል» ይላል። ሐሳቡ ለጊዜው ብልህነት ይመስላል። መምህራን ከተማሪዎቻችሁ ጋር በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንድታሰሉት እነሆ አንድ ምሳሌ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ ከማንም መዝገብ የተወሰዱ አይደሉም።

አንድ ምግብ ቤት አንድ ሳሕን ምግብ በ600 ሺልንግ ይሸጣል እንበል። ለጤፉ፣ ለሥጋው፣ ለቅቤው፣ ለበርበሬውና ለጋዙ በሳሕን 360 ሺልንግ ያወጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሳሕን 240 ሺልንግ ይተርፈዋል። ይህ ግን ገና ትርፍ አይደለም፤ የቤት ኪራዩ፣ የሠራተኛ ደመወዙ፣ የመብራቱና የፈቃዱ ክፍያ ከዚህ ይወጣልና። እነዚህ ቋሚ ወጪዎች በወር 240,000 ሺልንግ ቢሆኑ፣ ባለቤቱ ከኪሣራ ለመዳን ብቻ በወር 1,000 ሳሕን መሸጥ አለበት። አሁን ዋጋውን በመቶ 20 ቀንሶ 480 ያድርገው። ወጪው ያው 360 ስለሆነ ከሳሕን የሚቀረው 120 ብቻ ይሆናል፤ ከኪሣራ ለመዳንም 2,000 ሳሕን መሸጥ ይኖርበታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዋጋው የቀነሰው በአንድ አምስተኛ ሲሆን የሚያስፈልገው ደንበኛ ግን እጥፍ ሆነ።

ይህም ብርቱው ተወዳዳሪ ዝም ብሎ ሲያይ ነው። ዝም አይልም። እርሱ ዱቄቱን፣ ዘይቱንና ሥጋውን ለብዙ ቅርንጫፎች በአንድ ጊዜ ስለሚገዛ የአንዱ ሳሕን ወጪ 300 ሺልንግ ብቻ ነው እንበል። እርሱም ዋጋውን ወደ 480 ቢያወርድ ከሳሕን 180 ይቀረዋል። ደካማው በ120 ሲያቃስት እርሱ በ180 ይተነፍሳል፤ ቢከፋም በሌላው ሠፈር ያለው ቅርንጫፉ ይደጉመዋል። ስለዚህ የዋጋ ጦርነት ማለት ብርቱው በመረጠው ሜዳ፣ ብርቱው በያዘው መሣሪያ መዋጋት ማለት ነው። ዋጋ ቀንሶ ማሸነፍ የሚችለው ወጪው በእውነት ከሌላው ያነሰ ነጋዴ ብቻ ነው። ጤፉን ከሩቅ የሚያስመጣ ምግብ ቤት ደግሞ በዚህ ረገድ ጭራሽ ዕድል የለውም።

ብርቱው የማይችለው ነገር

ሁለተኛው ፈተና መኮረጅ ነው። ጃቫ ሃውስ ኬክና ሳንድዊች ይሸጣል፤ እኔም ልሽጥ። ኬኤፍሲ ዶሮ ከድንች ጥብስ ጋር ያቀርባል፤ እኔም ላቅርብ። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ ሰው ዋናውን ከጎን እያየ ቅጂውን የሚገዛበት ምክንያት የለም። ትክክለኛው ጥያቄ «ብርቱው የሚሠራው ምንድን ነው?» የሚለው ሳይሆን «ብርቱው ራሱን ሳይጎዳ ሊሠራው የማይችለው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ያለው ቁልፍ ቃል «ራሱን ሳይጎዳ» የሚለው ነው። ብርቱው በገንዘቡ ማንኛውንም ነገር መግዛት ይችላል፤ ነገር ግን ብርቱ ያደረገውን አሠራር ሳያፈርስ የማይነካቸው ነገሮች አሉ።

ለዚህ የቡናውን ሥርዓት የሚያህል ምሳሌ አናገኝም። በትልቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ያለ ቡና ቤት የሚኖረው ጠረጴዛው ቶሎ ቶሎ ሲለቀቅለት ነው። ኪራዩ የተሰላው አንድ ጠረጴዛ በአንድ ምሽት አምስትና ስድስት ጊዜ እንግዳ ይቀበላል በሚል ነው። በእኛ ዘንድ ግን ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው በእንግዳው ፊት ይቆላል፣ ሽታው ይዞርለታል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ ከዚያም አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። ከበላው ላይ ይህ ሲጨመር እንግዳው ሁለት ሰዓት ተኩል ቢቀመጥ አያስደንቅም። ትልቁ ድርጅት ይህን ልሥራ ቢል ጀበናና ረከቦት መግዛት አያቅተውም፤ የሚያቅተው ጠረጴዛውን ለሁለት ሰዓት ተኩል መስጠት ነው። ለእርሱ ጊዜ ወጪ ነው። ለኢትዮጵያዊው ምግብ ቤት ግን ጊዜ ራሱ ሸቀጥ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጥቁር ሰሌዳው እንመለስ። ያው ምግብ ቤት ዋጋ በመቀነስ ፈንታ ቡናውን በሥርዓቱ ከምግቡ ጋር አያይዞ 700 ሺልንግ ቢያስከፍልስ? ቡናው፣ ስኳሩ፣ ፈንዲሻውና ዕጣኑ በሰው 20 ሺልንግ ቢጨምሩ ወጪው 380 ይሆናል፤ የሚቀረው 320 ነው። 240,000ን ለ320 ስናካፍል 750 ይመጣል። እንግዲህ በወር የሚያስፈልገው 2,000 ሳሕን መሆኑ ቀርቶ 750 ሆነ ማለት ነው። ቤቱ በወር 26 ቀን ቢሠራ ይህ በቀን 29 ሰው ያህል ነው። 12 ጠረጴዛ ያለው ቤት በምሽት ሁለት ጊዜ ብቻ እንግዳ ቢቀበል፣ በጠረጴዛም ሦስት ሦስት ሰው ቢቀመጥ 72 ሰው ያስተናግዳል። ከግማሽ በታች ቢሞላ እንኳ አይወድቅም። ቀስ ብሎ የሚበላው ደንበኛ፣ ለሌላው ቤት ጉዳት የሆነው፣ እዚህ መዳኛ ሆነ። አሠልቺ የሚመስለው ማካፈልና ማባዛት እንዲህ ያለውን ነገር ሲያሳይ ተማሪዎች የሒሳብን ጥቅም ያለ ስብከት ይረዱታል።

ሌላም አለ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ብርታታቸው አንድ ዓይነት በመሆናቸው ነው፤ በናይሮቢ የሚበላው ዶሮ በለንደን ከሚበላው ጋር አንድ መሆን አለበት። ይህ ሕግ ያስከብራቸዋል፤ ያስራቸዋልም። በጥር 2022 በኬንያ ያሉ የኬኤፍሲ ቤቶች የድንች ጥብስ አለቀባቸው። ኬንያ ድንች ስለሌላት አልነበረም፤ በገፍ የምታመርት አገር ናት። ድርጅቱ ድንቹን ከውጭ አገር ያስመጣ ስለነበር፣ መርከቡ ሲዘገይ በጥራት መመዘኛው ያልተመዘገበውን የአገሬውን ድንች ወዲያው መጠቀም አልቻለም። የኬንያ ገበሬዎችና ሸማቾች በዚህ ክፉኛ ተቆጥተው ነበር። በዚያች ሳምንት በሠፈሩ ያለች አንዲት ድንች ጠባሽ ከገበያ የገዛችውን ድንች ልጣ፣ ጠብሳ ለመሸጥ የማንንም ፈቃድ አላስፈለጋትም። የብርቱው ድካም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከብርታቱ ጀርባ ነው፤ ፈላጊው እዚያ ማየት አለበት።

የጾም ምግብንም እንመልከት። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾምና ሌሎቹ አጽዋማት ሲደመሩ ሥጋና ወተት የማይበላባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ከዚህ የተነሣ የእኛ ወጥ ቤት ምስር ወጡን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን፣ ክኩን፣ አተሩን በቅባኑግ አጣፍጦ ለመሥራት የዘመናት ልምድ አለው። በናይሮቢ ደግሞ ከ1896 ጀምሮ የባቡር ሐዲዱ ሲሠራ የመጡና ከዚያም በንግድ የተከተሉ የህንድ ተወላጆች አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሃይማኖታቸው ሥጋ አይበሉም። በሥጋ ጥብስ ወዳጅነቷ በታወቀች ከተማ ውስጥ፣ ሥጋ የማይበላ ሰው በሌላው ቤት የሚቀርብለት ሰላጣና የድንች ጥብስ ነው። እኛ ዘንድ ግን የጾም በያይነቱ ሙሉ ማዕድ ነው። ለአንድ ወገን የሃይማኖት ግዴታ የነበረው ለሌላ ወገን መልካም እራት ሆነ።

ለኬንያውያን ራሳቸው ደግሞ ድልድይ ያስፈልጋል። ኡጋሊ የለመደ ሰው እንጀራ ሲቀርብለት ኮምጣጣነቱ ሊያስደነግጠው ይችላል። ነገር ግን ኬንያዊው ኒያማ ቾማ የሚለውን የተጠበሰ ሥጋ በእጁ መብላት ያውቃል፤ ኡጋሊውንም በእጁ ጠቅልሎ ነው የሚያጣቅሰው። ስለዚህ ጥብስ ከእንጀራ ጋር ለእርሱ ግማሽ የታወቀ፣ ግማሽ አዲስ ነው። እንግዳን በአንድ ጊዜ ከማያውቀው ነገር ሁሉ ፊት ማስቀመጥ ያስበረግጋል፤ አንድ የሚያውቀውን ነገር አስጨብጦ ቀሪውን ማስቀመስ ግን ይቻላል።

የሚተወው ነገር

አቋቋም መምረጥ ማለት መተውም ማለት ነው። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። እንጀራ የሚሸጠው ቤት አንድ ምሽት ፒዛ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣበት በማግሥቱ ፒዛ ይጨምራል፤ ቀጥሎ ፓስታ፣ ቀጥሎ የቻይና ሩዝ። የምግብ ዝርዝሩ ስድስት ገጽ ይሆናል። ማቀዝቀዣው ለስድስት ዓይነት ማብሰያ በሚሆን ዕቃ ይሞላል፤ ግማሹ ይበላሻል። ወጥ ቤቷ ዶሮ ወጡን ትታ ሊጥ ትለውሳለች። ከሁሉ የከፋው ግን ደንበኛው «ይህ ቤት የምን ቤት ነው?» ሲባል መልስ ማጣቱ ነው። ሁሉን አማረሽን ገበያ አታውጧት የሚለው ተረት ለገዢዋ የተነገረ ቢሆንም ለሻጯም ይሠራል።

ስም ራሱ ምርጫን ይገልጻል። ቀደም ሲል የጠቀስናቸውን ሁለት ስሞች እንመልከት። «ሐበሻ» የሚለው ስም መጀመሪያ የሚጠራው ወገኑን ነው፤ ያገሬ ሰው ሲያነብ ቤቱ የእርሱ እንደሆነ ያውቃል፤ የውጭው ሰው ግን ትርጉሙን መጠየቅ አለበት። «ብሉ ናይል» የሚለው ደግሞ ዓባይን በእንግሊዝኛ ስሙ ጠርቶ ካርታ የሚያነበውን እንግዳ ይጋብዛል። አንዱ ከሌላው ይሻላል ማለት አይደለም። ነገር ግን ባለቤቱ ሠሌዳውን ከማስጻፉ በፊት መጀመሪያ የሚጠራው ማንን እንደሆነ መወሰን ይኖርበታል።

ይህን የመተው ድፍረት በሰፊው ዓለምም እናገኘዋለን። በ1962 በአሜሪካ በመኪና ኪራይ ሥራ ኤቪስ የተባለው ድርጅት ከኸርትስ በብዙ ያንስ ነበር። ትልቅ ነኝ ማለቱን ትቶ ሁለተኛ መሆኑን በማስታወቂያ በይፋ አመነና፣ ሁለተኛ ስለሆነ የበለጠ እንደሚተጋ ለሕዝብ አስታወቀ፤ ንግዱም አንሠራራ። ቮልስዋገንም በ1959 ትልልቅ መኪና በሚወደድበት በዚያው አገር ትንሽነቱን ሳይደብቅ፣ ይልቁንም ትንሽነቱን አጉልቶ ማስተዋወቅ ጀመረ። ከቤታችንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ አለ። በ1945 ተቋቁሞ በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የአውሮፓ አየር መንገዶች በገንዘብም በአውሮፕላንም አይደረስባቸውም ነበር። ነገር ግን የእነርሱ መስመር በአመዛኙ እያንዳንዱን ቅኝ ግዛት ከገዢው አገር ዋና ከተማ ጋር የሚያገናኝ ነበር፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ለመሄድ በአውሮፓ በኩል መዞር የተለመደ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1960 አህጉሩን አቋርጦ ወደ ምዕራብ አፍሪካ መብረር ጀመረ። ብርቱዎቹ ለራሳቸው ጥቅም ሲሉ ባዶ የተዉትን ስፍራ ያዘ ማለት ነው።

አንድ ሆስፒታል

ነገሩ በምግብና በመጓጓዣ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስለን ወደ ሁርሊንግሃም እንመለስ። በአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ላይ በ1954 የተከፈተው የናይሮቢ ሆስፒታል አለ፤ ከአገሪቱ ታዋቂ የግል ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ከዚያም ብዙ ሳይርቅ የአገሪቱ ትልቁ የሪፈራል ሆስፒታል ኬንያታ ይገኛል። በእነዚህ ሁለት ግዙፎች መካከል ሌላ አጠቃላይ ሆስፒታል ልክፈት ማለት ከጃቫ ሃውስ ጎን ኬክ እንደ መሸጥ ነው። ዶክተር ሳም ቴንያ የተባሉ የማኅፀን ሐኪም በ2001 በሁርሊንግሃም ያቋቋሙት ግን የናይሮቢ የሴቶች ሆስፒታልን ነው። ስሙ ብቻ የከተማውን ሕዝብ ግማሽ የተወ ይመስላል። ነገር ግን የቀረው ግማሽ ሆስፒታሉ የእርሱ እንደሆነ ወዲያው ተረዳ።

ከዚህም አልፎ ሆስፒታሉ የጾታ ጥቃት ለደረሰባቸው ሰዎች በነፃ ሕክምናና ምክር የሚሰጥ ማዕከል በዚያው ዓመት አቋቋመ። ጥቃት የደረሰባት ሴት በትልቅ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል፣ በመኪና አደጋ ከቆሰሉትና ከሰካራሞቹ ጋር ተሰልፋ፣ የደረሰባትን በመስኮት በኩል ለመዝጋቢ መናገር ምን ያህል እንደሚከብዳት ማሰብ አያዳግትም። ትልቁ ሆስፒታል ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ለሁሉ የተሠራ በር ለአንዷ ብቻ አይመችም። አዲሱ ሆስፒታል ይህን በር ለየ። በነፃ የሚሰጠው ይህ አገልግሎት ሒሳብ ሲሠራ ወጪ ነው፤ ነገር ግን የሆስፒታሉን ስም ከፍ አድርጎ በአገሪቱ ያስጠራው ከሁሉ በላይ እርሱ ነው።

ይህን ታሪክ በዚህ ብናቆመው ያምር ነበር፤ ሙሉ ግን አይሆንም። ሆስፒታሉ ቅርንጫፎች እየከፈተ ካደገ በኋላ፣ በ2020 መጀመሪያ ላይ አመራሩ ሠራተኞችን ብዙ በሽተኞች እንዲያስተኙ ይገፋፋል የሚል ክስ፣ የአመራሩ ናቸው ከተባሉ የስልክ መልእክቶች ጋር በአደባባይ ወጣ። ዋና ሥራ አስኪያጁም ምርመራ እስኪደረግ ከሥራቸው ገለል አሉ። ክሱ የትኛውንም ሆስፒታል የሚጎዳ ነው። «የአንቺ ነኝ» ብሎ ስም የያዘን ሆስፒታል ግን በተለይ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ከትልልቆቹ የለየው መሣሪያው ወይም ሕንፃው ሳይሆን አመኔታው ነበር። አቋቋም በሠሌዳ የሚጻፍ ሳይሆን በየቀኑ የሚከፈል ዕዳ ነው ሊባል ይችላል።

ብርቱው ማን ነው?

አንድ ነገር እናክል። ብርቱ የምንለው ሁሉ በሁሉ ስፍራ ብርቱ አይደለም። የደቡብ አፍሪካው የቢራ ኩባንያ በዓለም ከታወቁት አንዱ በነበረበት ጊዜ በ1998 በቲካ ከተማ ፋብሪካ ከፍቶ ወደ ኬንያ ገበያ ገባ። ገንዘቡና ልምዱ ከአገሬው የምሥራቅ አፍሪካ ቢራ ኩባንያ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን አከፋፋዮቹ፣ የመጠጥ ቤቶቹ ልማድና የሕዝቡ አፍ የአገሬው ነበሩ። በ2002 የቲካው ፋብሪካ ተዘግቶ ሁለቱ ኩባንያዎች ኬንያና ታንዛንያን በስምምነት ተከፋፈሉ። ስለዚህ ወደ ንግድ የሚገባ ሰው «ማን ይበልጠኛል?» ብሎ ሲጠይቅ ዓለምን ሁሉ መቃኘት የለበትም፤ በዚህ መንገድ ላይ፣ ለዚህ ደንበኛ፣ በዚህ ሰዓት የሚበልጠው ማን እንደሆነ ይፈትሽ። በሌላ በኩል ደግሞ ዛሬ ብርቱ የሆነው ነገ ላይኖር ይችላል። በኬንያ ከሱፐርማርኬቶች ሁሉ በላይ የነበረው ናኩማት በዕዳ ተይዞ በ2020 ሊፈርስ ተወሰነ። በየሠፈሩ ያሉ ትናንሽ ሱቆች ግን ያኔም አልቀሩም።

መምህራን ይህን ትምህርት በየአካባቢያቸው ሊፈትኑት ይችላሉ። በትምህርት ቤታችሁ አጠገብ ያሉትን ሦስት ወይም አራት ሻይ ቤቶች ተማሪዎች ይጎብኙ፤ ባለቤቱን ሳይሆን ደንበኛውን «ለምን እዚህ መጣህ?» ብለው ይጠይቁ። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ «ጥራታችን» ይላል። ደንበኛው ግን «ዱቤ ይሰጡኛል»፣ «ሬዲዮ የለም፣ ማንበብ ይቻላል»፣ «ጠዋት በ12 ሰዓት ይከፍታሉ» ይላል። እውነተኛው አቋቋም ያለው በደንበኛው መልስ ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ አንዳንድ ጊዜ ሳያውቀው ይዞታል፣ ሳያውቀውም ያጠፋዋል።

የመጨረሻው ችግር የሚመጣው አቋቋሙ ከሠመረ በኋላ ነው። አንድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ሲሳካለት ሌላው ይከተላል። ሁለተኛው ከጎኑ፣ ሦስተኛው ከማዶ ሲከፈት «የኢትዮጵያ ምግብ» የሚለው ስፍራ የማንም የተለየ ስፍራ መሆኑ ይቀራል፤ ተወዳዳሪውም ጃቫ ሃውስ መሆኑ ቀርቶ ወገኑ ይሆናል። እዚህ ላይ የዋጋው ፈተና እንደ ገና ይመጣል፤ በወገን መካከል ሲሆን ደግሞ መራር ነው። መፍትሔው ግን ያው ነው። አንዱ በክትፎው ይታወቅ፣ ሌላው በጾም ምግቡ፣ ሌላው ለሠርግና ለክርስትና ምግብ በማዘጋጀት። ከሁሉ ደግሞ ልብ የሚባሉት በየቤታቸው እንጀራ እየጋገሩ ለቤተሰብና ለምግብ ቤት የሚያቀርቡ እናቶች ናቸው። ሠሌዳ የላቸውም፣ ኪራይ የሚበዛበት ጎዳና ላይ አይቀመጡም፣ አስተናጋጅ አይቀጥሩም። ምግብ ቤቶቹ እርስ በርሳቸው ሲፎካከሩ የማንኛቸውም ጠላት አይደሉም፤ ሁሉም ጠዋት ጠዋት እንጀራውን ከእነርሱ ዘንድ ይወስዳልና።